ለሌለ ቦይ ሲባል አራት ጣት ከፍ ስላለችው ፒክአፕ

ለመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለወገብዎ ምቾትን፣ ለቢሮ መኪናዎ ባሌስትራም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ እንደሚሰማልኝ አልጠራጠርም፤ መኪናዎ በእኛ ሰፈር መንገድ አንድም ቀን አልፋ ስለማታውቅ ከእርጅና በቀር የሚያሰጋት ነገር የለም።

እኔ በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አክብሮቴ የጎደለ የሚመስልበት ቦታ ቢያገኙ የሰዋስው ድክመት ነው ብለው ይለፉልኝ። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። እናቷ፣ ማለትም አማቴ፣ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውም ማክሰኞና ዓርብ በአሮጌዋ ፒክአፔ ጋቢና አስቀምጬ ወደ ሕክምና አመላልሳቸው ነበር። ባለቤቴ በመጨረሻው ሳምንቷ «እማዬን አደራ» ብላኛለች። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር አልነበረም።

ነገሬን በቁጥር ባስቀምጠው ለመዝገብ ቤትዎ ይመቻል ብዬ አስቤያለሁ።

አንደኛ። ስለ ቦዩ አመሰግናለሁ። የመንገድ ክፍልዎ ሠራተኞች የዛሬ አሥራ አራት ወር ከቤቴ በታች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ቆፍረው ቱቦ ቀበሩና «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» አሉን። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ሰሌዳም ተከሉልን። ክረምት ሲገባ አፈሩ ሰመጠ፤ ሰሌዳውም ተከትሎት ገባ። አሁን ይቅርታው ራሱ ቦዩ ውስጥ ተኝቷል፤ ደረቅ ቀን ጎንበስ ላለ ሰው ይነበባል። መኪናዬ በዚያ ባለፈች ቁጥር ሆዷ እየተፋቀ ማርሚታዋን ሁለት ጊዜ ጥላው ሄዳለች። አማቴ በእያንዳንዱ ግጭት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይይዙና አንዴ አምላካቸውን፣ አንዴ ጽሕፈት ቤትዎን ይጠራሉ። ለሁለቱ የሚጠቀሙበት ቃና ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛ። ሙያ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቦዩ ከፍ ሊል ካልቻለ መኪናዋ ከፍ ትበል ብዬ ወሰንኩና ባሌስትራውን የሚያነሳ፣ ረዘም ያሉ ሾክ አብዞርበሮችና በየመጋጠሚያው የሚገቡ አዳዲስ ጎሚኒዎች ያሉበት ሙሉ ዕቃ ገዛሁ። የሰፈራችን መካኒክ፣ አንደበቱ ማቆሚያ ስለሌለው «ፍሬን የለሽ» የምንለው፣ ሊረዳኝ መጣ። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር ሥዕሎቹን እያየን ሠራን። በመጨረሻው ሥዕል ላይ መኪናዋ በአራት እግሯ መሬት ቆማ፣ ከሥሯ አንድ የመፍቻ ቁልፍ ተስሏል። ፍሬን የለሽ «ይሄ እንኳን ማስታወቂያ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ እንዴት እንደምታምር ሊያሳዩን ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። መኪናዋ በክሪክ እንደ ተንጠለጠለች ቡሎኑን ሁሉ ጥርሳችንን ነክሰን አጠበቅነው። ይህን ሥዕል እባክዎ አይርሱት፤ እመለስበታለሁ።

ስናወርዳት አራት ጣት ከፍ ብላ ተገኘች። ቦዩንም ሆዷ ሳይነካ ተሻገረች። አማቴ ግን ጋቢናው ራቃቸውና ባለ ሁለት ደረጃ መወጣጫ ከነመደገፊያው ሠራሁላቸው። እሱን ሠርቼ ሳልጨርስ መኪናዋ በየጉብታው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች፤ ደግሞም ደርቃ የተሳፈረን ሁሉ ታንገጫግጭ ነበር። አማቴ «ልጄ፣ ድሮ የሚመታው የሷ ሆድ ነበር፤ አሁን የእኔ ሆነ» አሉኝ።

ሦስተኛ። ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ቅንጅት አመሰግናለሁ። በዓመታዊው ምርመራ ቀን የትራንስፖርት ክፍልዎ ተቆጣጣሪ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የደረደረ ጨዋ ሰው፣ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና «አባባ፣ ከሕግ በላይ በሁለት ጣት ቆማለች፤ ደግሞ ትጮኻለች» ብሎ ቦሎ ከለከለኝ። ያለ ቦሎ ብወጣ ትራፊክ ፖሊስ ታርጋዬን እንደሚፈታም በትሕትና አስረዳኝ። ለምን ከፍ እንዳደረግኋት ሲጠይቀኝ የቦዩን ታሪክ ነገርኩት። «እሱ የመንገድ ክፍል ነው፤ ፊት ለፊት ያለው በር» አለኝ። ኮሪደሩን በአራት እርምጃ ተሻገርኩ። የመንገድ ክፍል ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጠችና ቦዩ ከዓመት በፊት ተደፍኖ ርክክብ እንደ ተደረገ አበሠረችኝ። ዛሬ ጠዋት እኮ በላዩ አልፌ ነው የመጣሁት ብላት፣ «አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ሰነዱ ላይ የለም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ከልቧ ያዘነችልኝ ይመስል ነበር። እኔ ግን ጮኽኩባት። አራት እርምጃ ተመለስኩ። ተቆጣጣሪውም ቦዩ ከሌለ መኪናዬን ከፍ የማደርግበት ምክንያት እንደሌለኝ ወዲያው ደረሰበት። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ፔርሙስ ሻይ እንደሚጋሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ቦይ መጋራት ለምን እንዳቃታቸው ግን የእኔ ትምህርት አልደረሰበትም።

ይኸው አማቴ ሕክምና ካቋረጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ባለታክሲዎች የሰፈራችንን ስም ሲሰሙ ስልክ ይዘጋሉ። እስከ አስፋልቱ በእግር እንዳይሄዱ የሚያማቸው ጉልበት ነው። የምታክማቸው ባለሙያ ይህ ወር ካመለጠ ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ሊቀር እንደሚችል ነግራኛለች። ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም እንደሚያውቁ አልነገሩኝም።

አራተኛ። ይኸኛው ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም። ቦሎ በተከለከልኩ ማግስት ለጽሕፈት ቤትዎ ባስገባሁት ማመልከቻ የመኪናዋን ጩኸት በቦዩ አሳብቤ ነበር። አንድ ጠዋት ለጸሎት ቆሜ የጽሕፈት ቤትዎን ጥፋት ለፈጣሪ አንድ በአንድ ሳመለክት ቆየሁና፣ የራሴንስ ማን ያመልክት ብዬ አፈርኩ። ሄጄ ከዕቃው ጋር የመጣውን ያንን ወረቀት እንደ ገና አየሁት። የመጨረሻው ሥዕል ማስታወቂያ አልነበረም። ቡሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ መሬት ወርዳ ክብደቷን ከተሸከመች በኋላ ነው ማለቱ ነበር፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ ጎሚኒው ያለቦታው ይያዝና ሸክም ሲያርፍበት ተጠማዞ ይጮኻል። ቡሎኖቹን አላላሁ፤ ከኋላ ሁለት በር ጫንኩ፤ አማቴን ደግሞ ለክብደት ጋቢና አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ከላይ «ቀስ በል፣ አታጥብቀው፣ ኧረ ቀስ በል» እያሉኝ እኔ ከሥር በጀርባዬ ተኝቼ አጠበቅሁ። መኪናዋም ዝም አለች።

እዚያው እንደ ተኛሁ ስለ ራሴ አንድ ነገር ገባኝ። ባለቤቴ ባረፈች ሰሞን፣ ሐዘኑ ገና ሙሉ ክብደቱን ሳያሳርፍብኝ፣ ወንድ ነኝ ብዬ ሁሉን ነገር አጥብቄ አሰርኩት። አራት ዓመት ሙሉ በትንሽ በትልቁ ስጮኽ የኖርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅርታዬንም ቦይ ውስጥ አልጣልኩትም።

ቦዩን ግን እኔ አልቆፈርኩትም።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ወይ ቦዩን እንደ ሰነዱ ያድርጉልኝ፣ ወይ ሰነዱን እንደ ቦዩ። የተደፈነ ዕለት መኪናዬን በገዛ እጄ አራት ጣት አወርዳታለሁ። መማል ስለማልወድ ቃሌን ብቻ ይውሰዱልኝ፤ እኔም የሠራተኞችዎን «ሁለት ሳምንት» ሳልጠራጠር ወስጃለሁና።

ከሕግ ሁለት ጣት ከፍ፣ ከክቡርነትዎ እግር ሥር ግን ዝቅ ብዬ የምገኝ፣ በሌለው ቦይ ማዶ የምኖር፣

አክባሪዎ አናጢ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከዘጋሁ በኋላ፣ ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለ ሦስት እስክሪብቶው ተቆጣጣሪ ከሾፌርዎ ጋር በቢሮ መኪናዎ መጣ። የመጣው የቦዩን አለመኖር በአካል ለማረጋገጥ ነበር፤ ማረጋገጡንም መሐል መንገድ ላይ አቋረጠው። የመኪናዎ የፊት እግሮች ሰሌዳው ላይ አርፈው የኋላዎቹ አየር ላይ ይሽከረከሩ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት አማቴን ጋቢና አስቀምጬ፣ ያለ ቦሎ ልውጣ አልውጣ እያልኩ ሞተር አስነሥቼ ቆሜ ነበር። አማቴ በመስኮት አንገታቸውን አወጡና «ልጆቼ፣ ከሌለ ምን ውስጥ ገባችሁ?» አሏቸው። መኪናዎን በገመድ ጎትቼ አወጣኋት፤ ዘይቷን ግን አፈሰሰች። ሾፌርዎ ሊጠብቃት ቀረ፤ ተቆጣጣሪው በአማቴ መወጣጫ ወጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሁለቱንም ደረጃ ተጠቅሟል። አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ሲያስቆመን መታወቂያውን አሳየና «ከእኔ ጋር ናቸው» አለ። አለፍን። የአማቴ ጉልበት ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ ታየ፤ ገና ይዘረጋል ተብለናል።

ስለዚህ ልመናዬን አሻሽያለሁ። ቦሎው የሚከብድ ከሆነ ተቆጣጣሪውን ይስጡኝ። ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ላይ ቢገኝልን ይበቃናል። በእግሩ ይምጣ፤ መንገዱን አሁን ያውቀዋል።