የሜሊሰንት ውሃ

ኖቬምበር 3፣ 1809
ሜሊሰንት መርከብ ላይ፣ ከብሬስት ወደብ ፊት ለፊት። ዝናብ። ጠዋት የብረት ዘንጉን በጠመኔ አሽቼ የገባውን ውሃ ልለካ ወደ መርከቧ ሆድ ሰደድኩ። የረጠበው ዘጠኝ ኢንች ነው። ካፒቴኑ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ዘጠኝ ጻፍኩ።

ሌላ ምን አለ? ምንም። ፈረንሳዮቹ ወደባቸው ውስጥ ትኩስ ዳቦ ይበላሉ፤ እኛ እንግሊዞቹ ውጭ ሆነን እንዳይወጡ እንጠብቃለን። አሥራ አንደኛ ሳምንታችን ነው። ብስኩቱ ተልቷል። ጓደኛዬ ኤልካና ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ትሉን እያራገፈ፣ "ይሄኛውማ ከካፒቴኑ በላይ ወፍሯል" አለ። ከዚያ ወደ ጉንጉኑ ተመለሰ። ለሚስቱ ለታምሲን ከቀጭን ገመድ ቦርሳ እየሠራ ነው፣ ለገና። በዚያ ሁሉ ወፍራም ጣት እንዴት እንደሚያምርለት!

እሱ የሸራና የገመድ አለቃ፣ እኔ አናጢ። ካፒቴን ይመጣል፣ ይሄዳል። እኛ ግን የመርከቧ ነን፤ ከተሠራችበት ቀን እስክትፈርስ። አሥራ ስድስት ዓመት። ስድስት ካፒቴን ሸኝተናል።

ኖቬምበር 9
ውሃ አሥራ ሦስት።

ከየት ነው የሚገባው? ፋኖስ ይዤ ወደ አፍንጫዋ፣ ወደ ፊተኛው ጫፏ፣ በሆዴ እየተሳብኩ ገባሁ። ከውስጥ በኩል ሳንቃው ጠቁሯል። ጩቤዬን ሰካሁበት... እስከ እጀታው ገባ። ስመዘው እርጥብ የእንጉዳይ ሽታ መጣ።

የመርከብ ቡድኑ አዛዥ ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ በአንድ ፈረቃ ከአሥራ ሁለት ኢንች በላይ የምታስገባ መርከብ ወደ አገሯ ትመለስ። ከተመለሰች መርማሪዎች ያዩዋታል። ካዩዋት ደግሞ ያፈርሷታል።

ሰሌዳው ላይ አሥራ አንድ ጻፍኩ።

ኖቬምበር 10
ለምን ጻፍኩ? ለራሴ እንኳን ልንገረው እንጂ።

ሚስቴ ጄኒፈር የሞተችው ይህን በምጽፍበት ክፍል ውስጥ ነው። ከፈረንሳይ ጋር ሰላም በሆነበት ዓመት መርከቧ ወደብ ታስራ ሳለች እዚሁ ነበር የምንኖረው። መስኮት የላትም፤ ሁለት ሰው አታላውስም። ጄኒፈር ግን መጋረጃ ሰቅላባት ነበር። መስኮት ለሌለው ግድግዳ መጋረጃ! ሚስማሩ አሁንም አለ።

ሌላ ቤት የለኝም። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ሁለት ጣት የጎደለው አናጢ ማን ይፈልጋል? እስከ ፀደይ ብትቆይልኝ... ያን ሳንቃ ራሴ እቀይረዋለሁ። እስከ ፀደይ ብቻ።

ኖቬምበር 17
ውሃ አሥራ ስድስት። የጻፍኩት አሥራ አንድ።

በበሰበሰው ላይ የገመድ ቃጫና ሬንጅ ጠቀጠቅሁ፣ ከላዩ የእርሳስ ቆርቆሮ ቸነከርኩ። ሚስማሩ የሚይዘው እንጨት አጥቶ ይዋልላል። ረዳቴ፣ "ይሄ ምን ያደርጋል?" ሲለኝ ጮህኩበት። ምን አጠፋ እሱ?

ኖቬምበር 21፣ ማክሰኞ
ኤልካና ደረሰበት።

ከቁርስ በኋላ ክፍሌ መጥቶ የእንጨት መላጊያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥበት እንደምናደድ ያውቃል።

"አንተ ፍልጥ" አለኝ። "አሥራ አንድ ኢንች ውሃ ለማውጣት ምን ያህል ይፈጃል?"

"ፓምፑ አርጅቷል።"

"ፓምፑ ነው ያረጀው? ፓምፑን የሚገፉት ልጆቼ መዳፋቸው ተልጧል። ትላንት የፓምፑን ክንድ ስንት ጊዜ እንደነቀነቁት ቆጥሬያለሁ። ያ አሥራ አንድ አይደለም።"

ጩቤዬን አንስቼ መሳል ጀመርኩ።

"ልትነግረኝ ካልፈለግህ ተወው። ግን ዓይኔን እያየህ አትዋሸኝ፣ ኦባዲያ። ካፒቴኑን ዋሸው፣ እሱ ገና ትላንት የመጣ ነው። እኔን ግን አትዋሸኝ።"

"አሥራ ዘጠኝ" አልኩት።

ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። ረጅም ጊዜ አከከ።

"በል ሄደህ ንገረው።"

"ያፈርሷታል እኮ!"

"እና ትፍረስ። ያረጀ ይፈርሳል። እኔ ገናን ከታምሲን ጋር ነው መዋል የምፈልገው፣ ከዓሣ ጋር አይደለም።" ቀጥሎ የጄኒፈርን ሚስማር አየና ድምፁን ቀነሰ። "እስከ እሁድ ጊዜ አለህ። እሁድ ከጸሎት በኋላ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ግን ከአፌ አይወጣም።"

ይሄ ነው ኤልካና። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 24
ውሃ ሃያ አንድ። የጻፍኩት አሥራ አንድ። ነገ እነግረዋለሁ። ነገ... ወይም እሁድ ጠዋት።

ኖቬምበር 28
ሦስት ቀን አልጻፍኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ የፈረንሳይ መርከብ ጉሙን ተገን አድርጎ ሾልኮ ወጣ። ሰው ሁሉ በደስታ አበደ። ከስንት ሳምንት በኋላ! ካፒቴን ስቶክዴል አስጠራኝ።

"ሚስተር ትሬጊር፣ ያለኝን ሸራ በሙሉ ልዘረጋ ነው። አፍንጫዋ ይችላል?"

ኤልካና ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል፣ የትእዛዝ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ። እኔን ነው የሚያየው። ያኔ መናገር እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ አትችልም፣ ጌታዬ።

"ትችላለች፣ ጌታዬ" አልኩ።

ኤልካና ትንሽ ዘገየ። ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰዎቹም ወደ ምሰሶዎቹ ወጡ።

እኩለ ቀን ላይ ሳንቃው ለቀቀ። ከሁሉ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሲንጠባጠብ የከረመው ውሃ ድምፁ ተለወጠ። አርባ ኢንች። ወዲያው ሃምሳ ስምንት። ፈረንሳዊው አመለጠ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። እንድትቀል መድፎቹን ወደ ባሕር ጣልናቸው። ፓምፑ ላይ የቆሙት ሰዎች እየተፈራረቁ ወደቁ።

የቀረው መላ አንድ ነበር። ሸራ ላይ የገመድ ቃጫ ሰፍቶ፣ ሬንጅ ቀብቶ፣ ከአፍንጫዋ ሥር አሳልፎ ቀዳዳው ላይ መሳብ። የሚገባው ውሃ ራሱ ሸራውን ጎትቶ ያጣብቀዋል። ይህ የገመድ አለቃ ሥራ ነው። ኤልካና ሌላ ሰው መላክ ይችል ነበር። "ማንም አይውጣ፣ እኔ ነኝ" ብሎ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወጣ።

"የት ጋ ነው ቀዳዳው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"በግራ! ከመዳብ ልባሱ በላይ ሁለት ክንድ!"

"እንዲህ ልኩን ንገረኝ እንጂ!" አለኝ። ሳቀ መሰለኝ... ወይም ነፋሱ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው።

መርከቧ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ይዛው ወጣች። ደግማ ነከረች፤ ይዛው ወጣች። በሦስተኛው ብቻዋን ወጣች።

ሸራው ግን ቦታውን ይዟል። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ይዟል። ሁለት መቶ አርባ ሰው እሱ ባሰረው ገመድ ተንሳፍፎ ወደ አገሩ እየሄደ ነው።

ኖቬምበር 30
ለካፒቴኑ ነገርኩት። ቁጥሩን ሁሉ፣ ቀን በቀን። እንዲያስረኝ ነበር የፈለግሁት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ፣ "ሚስተር ትሬጊር፣ ክፍሌ የት እንዳለ ያውቃሉ?" አለኝ።

"አውቃለሁ፣ ጌታዬ።"

"የፓምፑ ድምፅ ይሰማኛል። እኔም መቁጠር እችላለሁ።" መስኮቱ ጋ ሄደ። "ሰሌዳው አሥራ አንድ ይል ነበር፤ እኔም አሥራ አንድ እንዲል ነበር የምፈልገው። የመርከቧ መዝገብ ላይ ለአደጋው ማዕበል ብዬ ጽፌያለሁ። ይውጡ።"

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለፈ መርከበኛ ሁሉ ለጓደኛዬ ያለቀስኩ መስሎት ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ።

ዲሴምበር 8
ፕሊመዝ ወደብ። መርማሪዎቹ መጥተው አዩዋት። ለባሕር አትሆንም አሉ። ግን አትፈርስም። ምሰሶዋ ተነቅሎ፣ እዚሁ ወደቡ ጭቃ ላይ ታስራ፣ የምርኮኛ ማጎሪያ ትሆናለች። አናጢዋ አብሯት ይቆያል።

የፈለግሁት ይሄንኑ አልነበር? አገኘሁት።

ጃንዋሪ 20
የመድፍ መስኮቶቹ ላይ የብረት ፍርግርግ ስገጥም ዋልኩ። ከውስጥ የፈረንሳዮቹ ሳል። አንዱ ጣቱን አውጥቶ ብረቱን ነካ፣ መልሶ አስገባ።

ማርች 12፣ 1810
ታምሲን መጣች።

በታንኳ፣ በዝናብ፣ ብቻዋን። የኤልካናን ዕቃ ልትወስድ። ቦርሳውን ሰጠኋት። ግማሽ ነው፤ ጫፉ አልታሰረም። የገመዱን ጫፎች እየቆጠረች ቆየች።

"ማዕበል ነው አሉኝ" አለች።

"አይደለም።"

ማንበብ አትችልም። ይህን ደብተር አውጥቼ ከኖቬምበር ሦስት ጀምሬ አነበብኩላት። ሁለቱንም ቁጥር፣ የለካሁትንና የጻፍኩትን። መላጊያ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠበትንም። "ፍልጥ" ያለኝ ጋ ስደርስ ልትስቅ ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች።

ጨረስኩ። ከላያችን የምርኮኞቹ እግር ይሰማል።

"ቅዳሜ ነው የሞተው?"

"ቅዳሜ።"

"እስከ እሁድ አልናገርም ብሎህ?"

"አዎ።"

"ቃሉን ጠብቆልህ ነዋ" አለች።

ብትመታኝ ደስ ባለኝ ነበር። ቦርሳውን ሻሿ ውስጥ ጠቅልላ ተነሳች። ታንኳው ጋ ስሸኛት እጄን ዘረጋሁ፤ ገመዱን ይዛ ራሷ ወረደች። ዞራም አላየችኝ።

ማርች 13
ውሃ ሰባት ኢንች። ሰሌዳው ላይ ሰባት ጻፍኩ። ሰሌዳውን የሚያየው ሰው የለም።