ስካነሩና የብርቄ የልብ ወረቀት

ሰኞ

እንቢ አለ። ሦስት ጊዜ ሰካሁት፣ ሦስት ጊዜ ነቀልኩት። አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፤ ኮምፒውተሩ ግን «ያልታወቀ ዕቃ» ይልና ዝም። ከደሴ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣልኝ ስካነር ነው። ገና ሳልሞክረው የሱቄ በር ላይ «ስካን እናደርጋለን» ብዬ በትልቁ ለጥፌያለሁ። ችኩል ነኝ።

ያንን ማስታወቂያ አይተው ቄስ ምስጋናው ገቡ። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በእግራቸው ነው የመጡት። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ የልጃቸው የብርቄ የልብ ምርመራ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትንሽ ከተራመደች ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትምህርትም አቋርጣለች። አዲስ አበባ የውጭ አገር ሐኪሞች መጥተው ልብ ሊያክሙ ነው። የሚያዩትን ሰው የሚመርጡት አስቀድመው ወረቀቱን አይተው ነው፤ እሱም እስከ ዓርብ በኢሜይል መድረስ አለበት። በፋክስ ተልኮ ነበር፤ የልቧ ሥዕል ከሰል መስሎ ደረሰ አሏቸው።

«ልጄ፣ ትችይዋለሽ?» አሉኝ።

«ነገ ይደርሳል አባቴ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

ማክሰኞ

ዛሬ የሞከርኩት፦ ሽቦውን በኮምፒውተሩ በስተኋላ ባለው ቀዳዳ ሰካሁ። አጥፍቼ አበራሁ። የፕሪንተሩን ሽቦ አውጥቼ በሱ ሞከርኩ። መስተዋቱን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ (ይህ ምን እንደሚጠቅም እንጃ)። ምንም።

ስካነሩን የሸጠልኝ የደሴው ሰውዬ ጋ ደወልኩ። «ሲዲውን ጫንሽው?» አለኝ። የምን ሲዲ? ሳጥኑን ገልብጬ ከስፖንጁ ሥር አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አየሁት፤ መሐሉ ተሰንጥቋል። ኮምፒውተሩ ያጉረመርምና መልሶ ይተፋዋል። ሰውዬው «እንግዲያው ከኢንተርኔት አውርጂዋ» አለ፤ ከጎረቤት ጨው ተበደሪ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ።

ከሰዓት ቄሱ መጡ። የሚያድሩት እዚሁ ከተማ እኅታቸው ቤት ነው። ደግሜ መዋሸት አልቻልኩም።

«አባቴ፣ ማሽኑ አልሠራም። ትናንት እሺ ስልዎትም እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።»

ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «አሁን ነገርሽኝ አይደል። እንግዲህ እንሞክራለን» አሉ። እንሞክራለን ማለታቸው ልቤን ነካው።

ረቡዕ

ጠዋት መብራት የለም። ሱቄ ኢንተርኔትም ስለሌለው ጄኔሬተር ወዳለው ሆቴል ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ሲሳይ አስጎብኚ ስለሆነ እዚያ ያውቁታል፤ ኢንተርኔቱን አስፈቀደልኝ። ስካነሩንና ኮምፒውተሩን የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም ማውረድ ጀመርኩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተቋረጠ። እንደገና። አሁንም ተቋረጠ። እንባዬ መጣ።

ሲሳይ አየኝና «አንቺ ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍላሹን ይዞልኝ መጣ። ለካ ምሳም አልበላ!

መብራትም መጥቶ ነበር። ጫንኩት። ኮምፒውተሩ አወቀው! ስሙን ሳይቀር ጻፈልኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የመታወቂያዬን ኮፒ አስቀምጬ ተጫንኩ። ጥርርር! ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ። ውስጡ ያለው ብርሃን ካለበት ፈቀቅ አይልም። አምስት ጊዜ ሞክሬ፣ ጭራሽ እንዳልሰብረው ፈርቼ ነቀልኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ደሴ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ተሰብሮ ይሆናል፤ መልሰሽ ላኪው» አለኝ። የጋሸናን ኮረኮንች መንገድ ስለማውቀው አመንኩት።

ቄሱን ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው አዲስ አበባ ቢሄዱስ? አሰላነው። መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ የዛሬው አውቶቡስ ደግሞ ሄዷል። ቅዳሜ ነው የሚደርሱት።

ስካነሩን ወደ ሳጥኑ ልመልስ ስነሣ «ልያዝልሽ» ብለው ከፍ አደረጉት። ወደ ጎን አጋደሉትና ሆዱን ትኩር ብለው አዩ።

«ይህችስ ምንድን ናት?»

የተዘጋ ቁልፍ ሥዕል። አጠገቧ የምስር ፍሬ የምታህል ተንሸራታች ነገር።

«እኔ የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ሥራዬ ቁልፍ ነው» አሉ። «ይኸ ነገር አልተሰበረም፤ ተቆልፏል።»

በጥፍሬ ገፋኋት። ቀጭ አለች። ለካ መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ውስጡን ይቆልፉታል! ማንም አልነገረኝ። መልሼ ሰካሁት። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሄደ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ኮምፒውተሩ ላይ ወጣች፤ ጥርት ብላ፣ የሐኪሙ ፊርማ ሳይቀር።

የልቧን ሥዕል አጎላሁላቸው። ወንበራቸውን አስጠጉ። «ስትወለድ ራሷ እንኳ እፍኝ አትሞላም ነበር» አሉና «ቀጥይ፣ ቀጥይ» አሉኝ።

ሰባት ወረቀት። አንዱን ገልብጬ አስቀምጬው ነበር፤ ደገምኩት።

ዓርብ

ሆቴል፤ ቄሱም አብረውኝ መጥተዋል። ሰባቱ በአንድ ላይ ከበዱና ኢሜይሉ አልቀበልም አለ። ትንሽ አሳነስኳቸው፣ ሦስት ቦታ ከፋፈልኳቸው። ሲሳይ አድራሻውን ፊደል በፊደል አነበበልኝ። የመጨረሻው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሄደ።

«ተልኳል አባቴ።»

«አሁን የት ደረሰ?»

«አዲስ አበባ።»

«እኔ እኮ ገና ከወንበሬ አልተነሣሁም!» አሉና ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ነው።

ቅዳሜ

መልስ የለም። ቄሱ ለነገ ቅዳሴ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ የመጣውን እንድልክባቸው አደራ ብለውኛል። ሁለት ጊዜ ሆቴል ሄድኩ። ባይደርስስ? አድራሻው ላይ አንድ ነጥብ ስቼ ቢሆንስ? በመሐል አንድ መምህር ዲፕሎማውን ስካን አስደረገ። ማሽኑ እንደ ደህና ሰው ይሠራል።

ሰኞ

መጣ! ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት። «ሰባቱም ወረቀቶች ደርሰዋል፣ በደንብ ይነበባሉ። ልጅቷን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችኋት ኑ፤ መጀመሪያ እንመረምራታለን።» ከዚያ በላይ አላሉም።

አተምኩት። በሰው ልላከው ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። ሲሳይ እንግዶች ይዞ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሄድ ሱቁን ዘግቼ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ትለቅም ነበር። ከጠበቅኋት ይልቅ ከሲታ ናት፣ ዓይኗ ግን ፈጣን ነው። አባቷ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ለእናቷ ሊነግሩ ወደ ጓዳ ገቡ።

«እታለም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትድናለች አሉ?»

እንዲያ አላሉም። አዎ ብላት ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

«ነይ ነው ያሉሽ» አልኳት።

እጇን ባቄላው ላይ አድርጋ አሰበችበት።

«እንግዲያው ትመጣለች በያቸው።»

ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ይህንኑ ለሐኪሞቹ መጻፍ ነው።