ለሴሌስታን የሚቀዳው ወይን

ማቱሪን፣

ዳቦ ማለቁን በታላቅ ሐዘን አሳውቅሻለሁ። በረዶው ሳይብስ አርቧ ከተማ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂና ጠጪ። በዚያ ሳል ላይ ደግሞ እንጨት ልፍለጥ እንዳትዪ።

ስለ ብርጭቆው አንድ ነገር ልበልሽ።

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ፣ ብርድ በገባ ቁጥር፣ ማታ ማታ የአገራችንን የጁራን ቢጫ ወይን ከአይብ ጋር ስንቀምስ ለእሱም አንድ ብርጭቆ እንቀዳለን። ጠዋት ባዶውን እናገኘዋለን። "ባሌ ሌሊት መጥቶ ጨልጦት ሄደ" ትያለሽ። "መቼም አመስግኖ ጠጥቶ አያውቅም" እልሻለሁ። እንስቃለን።

እኔ ግን ለእሱ ብዬ በሩን ሳልቆልፍ ነው የማድረው።

ትናንት አንቺ ትኩሳቱ ጥሎሽ ቀድመሽ ተኛሽ። ብቻዬን ቀዳሁለት፤ "ደህና እደር ሴሌስታን" አልኩት። ደረጃው ሲንቋቋ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜ ብዙ ቆየሁ።

ጠዋት ስወርድ ብርጭቆው እንደቀዳሁት ሙሉ ነው።

አልደፋሁትም። ይህ ወይን እንደሆነ ተከፍቶ ቢያድርም አይበላሽም።

ዛሬ ቁጭ ብለሽ ጠጪው።

ሌኦኒ