የጉሮሮው ባለቤት

ውድ እማዬ፣

ነገሩን በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው፤ ልማዴን ታውቂዋለሽ። በጥቅምት ድምፅሽ ሻከረ። በኅዳር ጉንፋን ነው ተብሎ ሽሮፕ ታዘዘልሽ፤ አልተሻለሽም። በታኅሣሥ የጉሮሮ ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ በድምፅ አውታርሽ ላይ ትንሽ እባጭ አገኘች። በጥር እባጩ ተቆርጦ ወጣ፤ ምርመራውም ክፉ ነገር እንደሌለበት አረጋገጠ። አሁን ለአንድ ሳምንት እንዳትናገሪ ተከልክለሻል። ብደውልልሽ ስልኩን ማንሳት እንጂ መመለስ ስለማትችይ ይህን እጽፍልሻለሁ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የታኅሣሡን ቀን ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ።

ወደ ሐኪሟ ክፍል የገባነው ሁለታችን ነበርን። አባዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሩም ገርበብ እንዳለ ነው። ሐኪሟ "ምን ይሰማዎታል?" ስትልሽ እኔ መለስኩ። "ሲውጡ ያምዎታል?" ስትልሽም እኔው። በመሐንዲስነቴ የመረመርኩትን ድልድይ ለአለቆቼ እንደማስረዳ ሁሉንም በሥርዓቱ ተናገርኩ። አንቺ የቦርሳሽን ዚፕ ትከፍቺና ትዘጊ ነበር።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ አንቺ አዞረች። "ልጅዎ አንድም አላስቀረች፤ ትባረክ። አሁን ደግሞ የጉሮሮውን ባለቤት ልስማ።"

"እሷው ትንገርሽ እንጂ ዶክተርዬ፤ ያስተማርኳት ለዚህ አይደል?"

"ታዲያ መድኃኒቱንም እሷ ትዋጥልዎት?"

ሳቅሽ፤ ሳቁም ሳል ሆነ። ሐኪሟ ሳሉ እስኪያልፍልሽ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀች። ከዚያም ጉሮሮሽን በመሣሪያ አይታ፣ እባጩ ተቆርጦ መውጣት እንዳለበት ነገረችሽ።

"እኔ እኮ የምፈራው መቆረጡን አይደለም" አልሽ በመጨረሻ። "ከዚያ በኋላ የሚመለሰው የእኔው ድምፅ ነው? ቤቴ ውስጥ ዓይኑ የማያይ ሰው አለ። እሱ እኔን የሚያየኝ በድምፄ ነው። ሌላ ሴት ሆኜ ብገባበትስ?"

እማዬ፣ ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ አደጋው ዕድል፣ ስለ ማገገሚያው ጊዜ ለመጠየቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ይህ ጥያቄ ግን እኔ ዘንድ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር።

ሐኪሟ "አይዞዎት" ብላ አላለፈችውም። "ቃል ልገባልዎት አልችልም" አለችሽ። "ከአሁኑ ይጠራል ብዬ እጠብቃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ግን ሊለይ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ጭራሽ አይናገሩም፤ በሹክሹክታም ቢሆን። በደንብ አስረድቼ እንደሆነ እንዳውቅ፣ እስቲ በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሩኝ።"

ጉሮሮሽን ጠረግሽ። ከዚያም ጡረታ እስክትወጪ ድረስ በአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ ማጉያ ትናገሪ በነበረው ዜማ፣

"ክቡራን ተሳፋሪዎች! ወደ ቤት የሚመለሰው ድምፅ ዘግይቶ ይገባል። ቀለሙ ተቀይሮ ቢመጣ እንዳትደናገጡ። እስከዚያው ማንም ሰው፣ በሹክሹክታም ቢሆን፣ እንዳይናገር!" አልሽ።

ከኮሪደሩ አባዬ "የት ጋ ነው የሚቆመው? ቦታ ልያዝ!" ብሎ ጮኸ።

ሐኪሟ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ውስጥ ጠራችው። ስለሚመጣው ዝምታ አስቀድሞ እንዲያውቅ ለእርሱም አስረዳችው። መዳፉን ሁለቴ መታ ስታደርጊው "አለሁ" ማለትሽ እንዲሆን የተስማማችሁት እዚያው፣ እሷ ፊት ነው።

ትናንት አባዬ በስልክ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? "እናትሽ ቀኑን ሙሉ መዳፌን ስትደበድበው ዋለች። ድምፅ በነበራት ጊዜ እንኳ እንደዚህ አውርታ አታውቅም።" አጠገቡ ሆነሽ እንደቆነጠጥሽው ከጩኸቱ ገብቶኛል።

ሐሙስ ለቀጠሮሽ እመጣለሁ። አባዬ ከአንቺ ጋር ይግባ፤ የመጀመሪያዋን ቃልሽን እሱ ቅርብ ሆኖ ይስማት። የእኔ ቦታ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጉልኝ።

በታኅሣሡ ቀን፣ ከመውጣታችን በፊት፣ ሐኪሟ "እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው እንዲደረግልዎት ይስማማሉ?" ስትልሽ ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ አልመለስኩም።

የቀድሞ ቃል አቀባይሽ፣
ልጅሽ