በሁለት ሰዓት የዘለልኳቸው ወንዞች

እትዬ ዴሊሲሌ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ያ የኬፕታውን ብርድ አልተጫወተበትም? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ሁሉም ደህና? እኔ አለሁ፤ እንደ ኮርማ ነኝ። እማም ትበላለች፣ ትሄዳለች፤ ሳቅ ግን የላትም። ምክንያቱን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ባለፈው ወር ወንድማችን ቤኪ የሰጠመበት ወደብ ድረስ መጥቼ፣ አንቺ እያለቀስሽ፣ እኔ እንደ ወጋችን በቁርቁራው ቅርንጫፍ መንፈሱን ጠርቼ ወደ ቤት ወሰድኩት አይደል? ከመሄዴ በፊት አጎታችን ጎድሪች "በአውቶቡስ መልሰው። ወንዝ በደረስክ ቁጥር ስሙን ንገረው፤ የሞተ ሰው ካልነገሩት አይሻገርም። ከሌላ ሰው ጋር እንዳታወራ" ብሎኝ ነበር። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። አውቶቡስ ሃያ አምስት ሰዓት፣ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት። ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ። ከመንደራችን ከማፑሙሎ ልጆች ማን በርሮ ያውቃል? ለቤኪም በመስኮት በኩል ወንበር ገዛሁለት። ታዲያ ከታች ደመና ብቻ ሆነ፤ ወንዝ የት አለ? "ቤኪ፣ ሁሉንም ተሻግረናል" አልኩትና ከጎኔ ላለው ሰውዬ ጉራዬን ስነፋ ደርባን ገባን።

ፍየሉ ታረደ፣ ጠላው ተቀዳ። እማ ጓዳ ግድግዳው ስር ያስቀመጥኩትን ቅርንጫፍ ዳሰሰችና "ይሄ እንጨት ነው። ልጄ አልገባም" አለች። ከዚያ ወዲህ ዝናብም ቢሆን በሩን አልዘጋም ብላለች። እኔ ሳቅኩባት።

ኋላ ምቤሌ መጣ፣ ያ በኬፕታውን መስመር አውቶቡስ የሚነዳው የሰፈራችን ሰው። ወደ ደርባን ሲመጣ ብሬዴ ወንዝ ድልድይ ላይ ቢጫ ቦቲ ያደረገ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ሰውዬ አቀርቅሮ አስቆመውና የወንዙን ስም ጠየቀው። ሲነግረው አመስግኖ በእግሩ ተሻገረ። በሌላው ሳምንት ፊሽ ወንዝ ላይ ያው ሰውዬ፣ ያው ጥያቄ። ሦስተኛው ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ምዚምቩቡ ወንዝ ላይ ነው። ምቤሌ "ያኔ ቀና አለ። የእናንተው ቤኪ ነው። ፈርቼ አላቆምኩለትም" አለን። ጎድሪች ወደ እኔ ዞሮ "በላ ፓይለቱ፣ አንተ በርረህ ወንድምህን በእግሩ ታስኬደዋለህ" አለኝ። ተነስቼ ቅርንጫፉን ከጓዳ አወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ቅርንጫፉን ይዤ ምዚምቩቡ ድልድይ ላይ ቆምኩ። "ቤኪ፣ ላንጋ ነኝ። ይሄ ምዚምቩቡ ነው። ተሻገር" አልኩ። ሰው የለም፣ ንፋስ የለም። ቅርንጫፉ ግን እንደራሰ ጆንያ ከበደኝ። በሁለት እጄ አቀፍኩት፤ ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ።

አሁን ወደ ደርባን የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ማውራት ስለማይፈቀድልኝ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት ወንበር ይዣለሁ። ረዳቱ፣ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ትኬት ሊያይ መጥቶ ፎጣ ሰጠኝና "ለጓደኛህ ስጠው፣ ወንበሩን አራሰው" ብሎኝ አለፈ። ፎጣውን ከጎኔ አስቀመጥኩ። ዞሬ አላየሁም፣ እኔ ማንንም የማልፈራው።

የምዚምኩሉ ድልድይ እየታየ ነው፤ ስሙን ልነግረው ነው። ከእንግዲህ አንዲትም ጅረት አልዘልም። ባልሽን ዝዌሊባንዚን እንዴት ነህ በይልኝ፤ ከልጆችሽ ማኮሲን ሳሚልኝ፤ ሉንጌሎን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። እማ በሩን ከፍታ እየጠበቀችን ነው።

ቤኪም ሰላም ብሎሻል። ይሄን እንኳ እኔ አልጨመርኩትም፣ እትዬ።

ወንድምሽ ላንጋ
ምዚምኩሉ ወንዝ አጠገብ፣ አውቶቡስ ውስጥ
ኦገስት 19 ቀን