ተጫዋችም አለቃም፦ የመምህር አድማሴ ከፋለ የሕይወት ታሪክ

መምህር አድማሴ ከፋለ ከአባታቸው ከአቶ ከፋለ ወርቄና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልጣሽ ሰጠኝ በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በላስታ አውራጃ፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ቁልቁል ባለችው መንደራችን በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓመቱን አባታችንም እናታችንም አያውቁትም ነበር፤ አስልተው ያገኙት ራሳቸው መምህር አድማሴ ናቸው። በእኛ አገር ሰው የተወለደበትን ወር በበዓል፣ ዓመቱን በመከራ ያስታውሳል። ወንድሜ ግን በቁጥር ካላወቅሁት ብለው የሚያስቸግሩ ሰው ነበሩ። ይህን የጻፍኩትና የማነበው ታናሽ እህታቸው ሽታዬ ከፋለ ነኝ። መጻፍ ያስተማሩኝ እርሳቸው ስለሆኑ ስሕተት ቢገኝበት ግማሹ የእርሳቸው ነው።

በገዳሙ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በላሊበላ ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ከዚያም በወልድያ ሲማሩ፣ በ1957 ዓ.ም. እንግሊዝኛ ያስተምራቸው የነበረ አንድ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቂት ካርዶች ሰጣቸው። የቁማር ካርታ አይደሉም። ከመዳፍ ያነሱ፣ ያረጁ ወፍራም ወረቀቶች ናቸው። በፊታቸው ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች የዱላና የኳስ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ምስል አለ፤ በጀርባቸው የሰውየው ስም፣ የተወለደበት ዓመትና አገር ታትሟል። የአሜሪካዊው አባት በልጅነታቸው የሰበሰቧቸው ነበሩ። በካርዶቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ቡድናቸውን እየመሩ ራሳቸውም የሚጫወቱ ነበሩ፤ አባትዬው የለቀሙት እንዲህ ያሉትን ብቻ ነው። መምህር አድማሴ ይህ እንግዳ አልሆነባቸውም። በገና ጨዋታም አለቃው ዱላውን ይዞ ከልጆቹ ጋር ይሮጣል እንጂ ዳር ቆሞ አያዝም ይሉ ነበር።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1961 ዓ.ም. በላሊበላ ማስተማር ጀመሩ። በ1964 ዓ.ም. ከወ/ሮ ባንችይርጋ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሙሉዬንና ታናሽ ወንድሟን ወለዱ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ አሸተን የተባለውን የወጣቶች የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። አሰልጣኙም አጥቂውም እርሳቸው ነበሩ። ዓመታት አልፈው፣ ፀጉራቸው ከግንባራቸው ሸሽቶ፣ ሁለት ልጅ ወልደው እንኳ በቁምጣ ሲሮጡ እናታችን አፍረው መንገድ ይቀይሩ ነበር። አባታችንም አስተማሪ ከሆነ ወዲህ ሕፃን ሆነ ይሉ ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬያቸዋለሁ፤ ሰምተውኝ አያውቁም። የቡድኑ ልጆች ግን ይወዷቸው ነበር። ሲሳሳቱ ከዳር ሆነው አይጮኹባቸውም፤ አጠገባቸው ሮጠው ያሳዩአቸዋል።

በ1970 ዓ.ም. ቤት ለቤት ሲፈተሽ፣ የአሜሪካ ነገር የተገኘበት ሰው መጨረሻው አያምርም ነበርና እናታችን ካርዶቹን ከጎተራ ገብስ ሥር ደበቋቸው። ፈታሾቹ ገብሱን አይተው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ይቃጠሉ ብዬ ነበር፤ ዛሬም ቢቃጠሉ ኖሮ እላለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በ1975 ዓ.ም. በልደት በዓል አንድ ፎቶ አንሺ ከወልድያ መጥቶ ነበር። መምህር አድማሴ ከደመወዛቸው ከፍለው የቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ ፎቶ አስነሡ። ፎቶውን በካርቶን ላይ ለጥፈው፣ ለልጆቹ እንደ አሜሪካኖቹ ያለ ካርድ ሠሩላቸው። ጀርባው ባዶ መሆን የለበትም አሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማንም ያልጠየቃቸውን የልጆቹን የልደት ዓመት ፍለጋ ክረምቱን ሙሉ ከመንደር መንደር ዞሩ። እናቶችን ጠየቁ፣ የንስሐ አባቶችን ጠየቁ። የግብ ጠባቂው የጋሻዬ እናት ወ/ሮ ገለቴ ልጃቸውን የወለዱት ጎርፍ ወፍጮውን በወሰደበት ክረምት መሆኑን ብቻ ነበር የሚያውቁት። መምህር አድማሴ ገዳም ድረስ ሄደው የጎርፉን ዓመት አጣርተው 1957 ብለው ጻፉ። ወ/ሮ ገለቴ የልጄን ልደት አገኘህልኝ ብለው ዶሮ ሰጧቸው። ዶሮዋን ሠርቼ ያበላሁ እኔ ነኝ።

መስከረም 2 ቀን 1976 ዓ.ም. የአብዮት በዓል ሲከበር ካርዶቹ በቀበሌው አዳራሽ በክር ተንጠለጠሉ። ሰው ፊታቸውን አይቶ፣ ገልብጦ ጀርባቸውን አነበበ። ወንድሜን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የሚፈለገው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነበር። በላስታ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ የለም፤ እናቶች ሁሉ ልጄ ገና ነው አሉ፤ ከየመንደሩም ብዙው በዚህ ተረፈ። የአሸተን ልጆች እናቶች ግን አፋቸውን ሲከፍቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር በአዳራሹ የቀሩትን ካርዶች አወጣ። «ዕድሜያቸውን እኔ አላወጣሁም፤ የራሳችሁ መምህር የጻፉት ነው» አለ። እናቶች ዞረው ወንድሜን አዩአቸው። እርሳቸውም ተሳስቼ ነው የጻፍኩት ብለው ማሉ፤ ግን ያን ያህል ተጨንቀው እንደጻፉት የማያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

መምህር አድማሴ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው አልፎ ነበር፤ የሚጠራቸውም አልነበረም። መልማዩ መኮንን ፊት ቀርበው «ተጫዋችም ነኝ፣ አለቃም ነኝ፤ ከሁለት በአንዱ ውሰዱኝ» አሉ። ወ/ሮ ባንችይርጋ በወንድሜ እግር ሥር ወድቀው እንዳይሄዱ ለመኗቸው። ሄዱ። ለእናቶቹም ይዣቸው እመለሳለሁ ብለው ቃል ገቡ። የልጆቹ ካርዶች እስከ ዛሬ ከቀበሌው አልተመለሱም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አባታችን፣ እናታችንና የመምህር አድማሴ ታናሽ ልጅ በአንድ ክረምት አረፉ። ልጁን የቀበርኩት እኔ ነኝ። አባቱ ይህን የሰሙት ከመንፈቅ በኋላ ናቅፋ ግንባር ላይ ነው።

ግንባር ላይ ልጆቹ በየክፍሉ ሊደለደሉ ሲሉ ወንድሜ አለቆችን ለምነው በአንድ የጦር ጓድ አስመደቧቸው። አጠገቤ ካሉ እጠብቃቸዋለሁ ብለው ነው። በአንድ ላይ ስለነበሩ በ1978 ዓ.ም. በአንድ ኮረብታ ላይ በአንድ ጠዋት አለቁ። ወንድሜ ግራ እግራቸውን አጥተው፣ ደረታቸው ተመትቶ በሬሳ መካከል ተገኙ። ከሆስፒታል ሲሸኟቸው የሞተ ሰው ስም እንዳያወጡ አስፈረሟቸው።

በ1979 ዓ.ም. በምርኩዝ ላሊበላ ሲገቡ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ወ/ሮ ገለቴ ነበሩ። ወንድሜ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል» አሏቸው። ለአንዷ ደህና ነው ካሉ በኋላ ለሌላዋ ሞተ ማለት አልተቻለም። የሁሉም ልጅ ደህና ሆነ። እናቶቹ በየሳምንቱ ከቅዳሴ መልስ ደጃችን ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ወ/ሮ ሐቢባም የልጃቸውን የአብደላን ወሬ ለመስማት ጨው ንግዳቸውን ትተው ከቆላ ይወጡ ነበር። ወንድሜ በመጀመሪያ ፊርማውን ፈርተው ዋሹ፤ ኋላ ግን የእናቶቹን ዓይን ፈርተው ነው። ልጆቹ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ዱዓ፣ ያለ ተዝካር ቀሩ። ይህን ሳውቅ አልፈረድኩባቸውም አልልም፤ ፈርጄባቸዋለሁ። ያወቅሁት ግን ገና በዚህ በግንቦት ወር ነው።

መምህር አድማሴ በደረታቸው ቁስል ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ጠበልም መርፌም ሳይረዳቸው፣ ግንቦት 19 ቀን 1981 ዓ.ም. አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ይህን አዘዙኝ፦ «እኔ ስቀበር ሁሉም ይመጣሉ። መርዶ ለብቻዋ ላለች ሴት አይነገርም፤ ተሰብስበው ሳሉ ንገሪያቸው።» እምቢ ብያቸው ነበር። በሕይወት ሳሉ ሊሉት ያልቻሉትን በእኔ አፍ ማለታቸው አናዶኛል። ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ነገ እኔም ብሞት ማንም አይነግራችሁም። ለዚህ የሚያስረኝ ካለ ቤቴን ያውቀዋል።

ስለዚህ ጋሻዬ የወ/ሮ ገለቴ ልጅ፣ አብደላ የወ/ሮ ሐቢባ ልጅ፣ ደባሱ የወ/ሮ ወለተ ሐና ልጅ፣ ይመር፣ አራጌ፣ ፈንታው፣ ካሳው፣ ንጋቱና ስጦታው አርፈዋል። መምህር አድማሴ ሁሉንም በዓይናቸው አይተዋቸዋል። የወ/ሮ ዘነቡን ልጅ ደሴን ግን አላየሁትም ብለዋል፤ ሲሞትም፣ ሲማረክም አላዩትም። ወ/ሮ ዘነቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልቅሱም ጠብቁም ልልዎ አልችልም።

ከመምህር አድማሴ በኋላ ባለቤታቸው ወ/ሮ ባንችይርጋ፣ ልጃቸው ሙሉዬና እኔ ቀርተናል። አባቶች ካህናት፣ የልጆቹን የክርስትና ስም ለይቼ ሰጥቻችኋለሁ፤ ፍትሐቱን በአንድ ሰው ስም እንዳትዘጉት። ከቅጽሩ በር ውጭ የቆማችሁ የአብደላ ዘመዶች በእናንተው ሥርዓት ዱዓ አድርጉለት። እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ይማር፤ ልጆቹም በዚያ ካገኟቸው ይቅር ይበሏቸው።

እናቶች፣ ወደዚህ ስትመጡ ለወንድሜ ብላችሁ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችኋል። ከቀብር ስትመለሱ አታቃኑት፤ ለቅሶው የራሳችሁ ነው።