ያለ ምክንያት የተባለው ቁጣዬ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፬
የመጽሐፌን መቅድም ሳርም ዋልሁ። ቀለም ደፋሁ፤ ጮኽሁ። ባለቤቴ መወልወያ በማምጣት ፈንታ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይዛ ከተፍ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ስኳርህ ወርዶብሃል! ጠጣ!» ለካሁ... ደህና ነበር።

ጥፋቱ የሐኪሟ ነው። የስኳር በሽታዬን ስታስረዳ፣ «መርፌው በዝቶ ወይም ምግብ ዘግይቶ ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድ፣ አንጎል ደንግጦ በነርቮች በኩል ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር እንዲለቅ ይታዘዛል፤ በዚህ መካከል እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውየውም ያለ ምክንያት ይቆጣል» ስትል ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ትምህርት «ያለ ምክንያት» የምትለዋን ብቻ ይዛ ወጣች። እነሆ፣ በገዛ ቤቴ በምክንያት መቆጣት ከቀረብኝ ዓመት ሞላኝ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፮
ግማሽ ገጽ የሚሞላውን የመክፈቻ ዐረፍተ ነገሬን አርታኢው አምስት ቦታ ቆራርጦ ላከልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ... ከቁጣ በቀር ምን ሊሆን? ብርጭቆው መጣ።
«ይህ የስኳር ጉዳይ አይደለም!»
«ለክተህ ንገረኛ።»
«አልለካም!»
መርፌዬን እንደተወጋሁ፣ ምሳዬን ትቼ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገሠገሥሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፰
ያን ዕለት የማተሚያ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ግንባሬ ሦስት ቦታ ተሰፋ። ስኳሬ አርባ አንድ ነበር አሉ። ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ፣ ከሰው ሁሉ ተመርጦ፣ ያው አርታኢ! «አባባ፣ አይዞዎት» እያለ...
ባለቤቴ አልተቆጣችም፤ የከፋው ይህ ነው። መለኪያውንና የስኳሩን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።
«እኔ ደክሞኛል። መቆጣት ሲያምርህ ራስህ ለካ። ሞተህብኝ ትክክል ከምትሆን...»
አልጨረሰችውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፱
አርታኢው ታርቄያለሁ ብሎ የዐረፍተ ነገሬን አምስት ቁራጭ ሦስት አደረገው። ሦስት! ልጮኽ አፌን ከፈትሁ... ዘጋሁት። ጣቴን ወጋሁ። መቶ አሥራ ሁለት፤ ደህና ነው። መለኪያውንና ገጹን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።
«መቶ አሥራ ሁለት! ቁጣው የራሴ ነው!»
መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን አየች። ከዚያ፣ ስትጮኽብኝ ከኖረችበት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ገጹን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበች።
«እውነትም የራስህ ነው» አለች። «ዐረፍተ ነገሩ ግን ይረዝማል።»
ይረዝማል?
ጣቴን ደግሜ ወጋሁ።